የአባባ መኪኖች በኪሎ ይሸጡ ወይስ ይጠገኑ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብረ ማርቆስ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ባለቤቱ ሳይመለስ የቀረውን፣ በዕዳ የተያዘውን፣ በርካሽ የተገኘውን መኪና ሁሉ ጓሮ ያስገቡ ነበር። ተዝካራቸው ወጣ፤ አሁን የቀረው የግቢው ጉዳይ ነው። እዚያ ያሉት ሁለት ቮልስ፣ ሁለት ፊያት ሴይቼንቶ (ፊያት 600 ማለት ነው)፣ አንድ ፔጆ 404፣ አንድ ላንድሮቨርና ፊያት ኤንትሬ የሚባል አንድ የጭነት መኪና ናቸው። አንዳቸውም አይነሱም። አንድ የብረት ነጋዴ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ላይ በኪሎ እወስዳለሁ ብሏል። ታላቅ ወንድማችን ይሸጥ ይላል። እህታችን ሞቼ ነው ቆሜ ትላለች፤ ቮልስ አድሼ ለሠርግ አከራያለሁ ባይ ናት። ሽማግሌዎቹ ጭቅጭቁ ሰለቻቸውና "በጽሑፍ አድርጉት፣ ሩቅ ያሉት ልጆችም ያንብቡት" አሉ። እኔ ታናሽየው ተቀብዬ በየተራው አስቀምጬዋለሁ። ስድቡን ብቻ ቀንሻለሁ።

ወንድም፦

ሳልዞር ልናገር። ይሸጥ። ሁሉም።

እነዚህን መኪኖች ከእኔ በላይ የሚያውቃቸው የለም፤ ከሥራቸው ተኝቼ ነው ያደግኩት። አባባ በየዓመቱ "ክረምቱ ይለፍና" ይሉ ነበር። ክረምቱ ያልፋል፣ መስቀል ይመጣል፣ አስቸኳይ ሥራ ይመጣል፣ መኪኖቹ ሌላ ክረምት ይጠጣሉ። የእኛ አገር ክረምት ደግሞ ላሜራ አይምርም።

ሴይቼንቶዎቹን እንያቸው። ፊያት 600 ለብቻው ሻንሲ፣ ማለትም ቦዲውን ከሥር የሚሸከም የብረት አጽም፣ የለውም። መኪናውን የተሸከመው ቦዲው ራሱ ነው። ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ከበሰበሰ አለቀለት ማለት ነው፤ የሁለቱም በስብሷል። ጃክ ብታስገቢበት ጃኩ ላሜራውን በስቶ ይወጣል እንጂ መኪናው አይነሳም። ጎበዝ ባቲላሜራ፣ ላሜራ ቀጥቃጭ፣ ይገኝ ብንል እንኳ፣ ያ ሰውዬ የሚጠይቀን የእጅ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል።

ቮልሶቹም ያው ናቸው። የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው የሚቀመጠው። አሲዱ ይንጠባጠባል፣ ዝናብ ይገባል፣ ወለሉ ይበላል። የአንዷን ምንጣፍ ገልጬ አይቻለሁ፤ ሣር በቅሎበታል። የሽቦውን ነገር ተይው፣ አይጥ ጨርሶታል።

ገንዘቡንም እናውራ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ የውጭ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ የማያውቅ የለም። የፍሬን ጎሚኒ፣ ያቺን ትንሽ ጎማ እንኳ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነው የምናስመጣው። መንገዱ ሰሞኑን ክፍት ነው ሲባል በማግስቱ ዝግ ነው። ዕቃው ቢደርስ ደግሞ ቤንዚን ለመቅዳት ወረፋ አለ፤ ወረፋውን ካልፈለግሽ በጀሪካን ከሚሸጠው ልጅ በእጥፍ ትገዣለሽ።

እማዬ የሚያስፈልጋት ዘንድሮ የሚገባ ገንዘብ ነው። ግቢው ቢጸዳ በመንገዱ በኩል አራት ሱቅ ይወጣዋል። ኪራዩ በየወሩ ይገባል። "ቮልስ አድሼ ለሠርግ አከራያለሁ" ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

እህት፦

ወንድም ጋሼ፣ ስለ ሴይቼንቶዎቹ አልከራከርህም። ይሂዱ። የምከራከርህ "ሁሉም" በምትላት ቃል ላይ ነው። ነጋዴውም የፈለገው እሷኑ ቃል ነው። ሰባት የማይመሳሰሉ ዕቃዎችን በአንድ ሚዛን ሲጭናቸው ትርፉ የእሱ ነው።

ላንድሮቨሩን ውሰድ። ይህ መኪና በ1940 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ እንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ብረት በኮታ ነበር የሚሰጠው፤ ስለዚህ ቦዲውን በአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። እንደዚያው ቀጠሉበት። ሻንሲው ብረት ነው፣ ይዝጋል፣ እሺ። ቦዲው ግን አቧራውን ጥረግለትና እየው። የብረት ነጋዴው በብረት ዋጋ ነው የሚመዝነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ በኪሎ ከብረት እንደሚበልጥ ቁራሌው ሁሉ ያውቃል። መሪው በቀኝ በኩል መሆኑንስ ልብ ብለሃል? ኢትዮጵያ በመንገዱ ግራ ከመንዳት በቀኝ ወደ መንዳት የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የገባ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለውን ሙሉውን እንዳለ የሚፈልግ ሰው ይገኛል። ገዢ ሳይፈለግለት ለምን ይቆራረጣል?

ወደ ቮልሶቹ ልምጣ። ወለሉ በስብሷል ብለህ ከሴይቼንቶ ጋር አንድ ላይ ወረወርካቸው። አንተ መካኒክ ቤት ያደግክ ሰው! የቮልስ ወለልና ቦዲ በቡሎን የተያያዙ ሁለት ነገሮች ናቸው። ይፈታል፣ ወለሉ በአዲስ ላሜራ ይሠራል፣ ተመልሶ ይታሰራል። ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ጋር የያዙት 4 ቡሎኖች ናቸው። ራዲያተር የለ፣ ውኃ የለ፣ በነፋስ ነው የሚቀዘቅዘው። ሜክሲኮ የመጨረሻዋን በ1995 ዓ.ም. እስክታወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ተሠርቷል፤ ዕቃው ዛሬም አልጠፋም። እኔ ሁለቱንም አላልኩም። ከሁለቱ አንዷን እናውጣ ነው የምለው። የዚህችን ቦዲ፣ የዚያችን ሞተር።

ደግሞ ሕጉን እየው። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ያገለገለ መኪና ላይማ ገና በ2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ነው ግብሩ የበረታው። አሁን ዋጋ ያለው አገር ውስጥ ያለው፣ ሰሌዳና ሊብሬ (የባለቤትነት ደብተር) ያለው መኪና ነው። በዚህ ጊዜ ነው እኛ በኪሎ የምንሸጠው?

ወንድም፦

ሊብሬ ማንሳትሽ ጥሩ ሆነ። የአባባን ሣጥን ከፍቼ አይቻለሁ። ያለው የአንዷ ቮልስና የኤንትሬው ሊብሬ ብቻ ነው። የቀሩት በሰው ስም ናቸው። ባለቤቶቹ ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ የት እንደገባ አይታወቅም። ያለንን ሁለቱንም ቢሆን ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥተን፣ ስም አዛውረን፣ የስንት ዓመት ቦሎ ተጠይቀን ነው። ሰሌዳ አለው ማለት መንገድ ይወጣል ማለት አይደለም።

ስለ ሠርጉ ልንገርሽ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ካርቡራተር ያለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ቮልስ ደግሞ ድሮም ጉልበታም አልነበረችም። ሙሽራና ሚዜ ጭና ዳገት መሐል ላይ ስትቆም ሚዜው በሱፍ ልብሱ ወርዶ ይገፋል?

ኤንትሬውን እስካሁን አላነሳሽም፤ ልታነሺው እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ታሪክ ነው ልትይኝ ነው። እኔ ያንን ታሪክ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አባባ አባይ በረሃ የተበላሸ መኪና ሊጠግኑ ሲወርዱ መፍቻ ተሸካሚው እኔ ነበርኩ። ከደጀን ቁልቁል ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ። ፍሬኑ ግሎ ሽታው ከሩቅ ይመጣል። ወዲያ ማዶ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ደግሞ ረዳቱ እንጨት ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማው ጎን ይሮጣል፤ መኪናው ካቃተው ታኮውን ይወረውራል፣ ካልደረሰበት መኪናው ወደኋላ ይሄዳል። ማርሽ ሲቀየር ያለውን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ። ናፍቆኝ ግን አያውቅም። ያ ሥራ ሰው ይበላ ነበር። ዛሬ የዚያ መኪና ብረት ቀልጦ የአንድ ሱቅ ኮለን ውስጥ ፌሮ ቢሆን ምንም አይቆጨኝም።

ሌላም አለ። የጎረቤት ልጆች አጥር እየዘለሉ እዚያ ውስጥ ይጫወታሉ። አሮጌ ባትሪ አለ፣ የተሰበረ መስታወት አለ፣ ዘይቱ መሬቱ ውስጥ እየገባ ነው። አንዱ ልጅ እጁን ቢቆረጥ ማን ይጠየቃል? እማዬ ናት።

እህት፦

ቆይ። ያልከውን መልሰህ አንብበው። ሊብሬያቸው የእኛ ያልሆኑ አምስት መኪኖች አሉ ነው የምትለው። እሱን ያመጣኸው እኔን ለመርታት ነው፤ ግን በማን ላይ ነው የሚፈርደው? የሰው መኪና በኪሎ ልትሸጥ ነው? ነገ የፔጆው ባለቤት ልጅ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ቢመጣና "አባቴ ለጥገና ያስገቡት መኪና የት አለ?" ቢል ሚዛን ላይ ወጥቶ ነበር ትለዋለህ? አባባ ያንን ሁሉ ዓመት ያልሸጧቸው ሰነፍ ሆነው አይመስለኝም። አደራ ነው ብለው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ይህ ነው። በአባባ የሒሳብ ደብተር ላይ ያሉት ስሞች ይፈለጉ። ማርቆስ ትንሽ ከተማ ናት፤ የድሮ ሾፌር የድሮ ሾፌርን ያውቃል። ለቤተ ዘመዳቸው ይነገር፣ ማስታወቂያ ይለጠፍ፣ ሽማግሌ ይመስክር፣ ከዚያ የሕግ ሰው ይጠየቅ። ጊዜ ይፈጃል፣ አዎ።

ስለ ዳገቱ፣ ለቮልስ የሚገባላትን ቤንዚን ለከፍታው ልክ ማሳነስ እንደሚቻል አንተው ነህ ያሳየኸኝ። ደግሞ የእኛ ሠርግ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ድንኳን ነው፤ አባይ በረሃ የሚወርድ ሙሽራ አላየሁም። ባሕር ዳር እንኳ ብትሄድ ጣና ዳር ቆማ ፎቶ ነው የምትነሣው። ቆማ! ለመቆም ስንት ጉልበት ያስፈልጋታል?

ኤንትሬውን በሚመለከት ታሪክ ነው አልልህም ነበር፤ አሁን ግን አንተው ስላነሣኸው እላለሁ። ይህ አገር መኪና ያቃተው አገር ነው። በ1933 አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ፣ ከሱዳን ጠረፍ ከኦሜድላ ወደ ጎጃም በላያ ሲመጡ መኪኖቹ በቁጥቋጦውና በገደሉ ተይዘው አበሳቸውን አይተዋል፤ ጭነቱን የተሸከሙት በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ጤፋችንን ወደ አዲስ አበባ፣ ጨውና ቆርቆሮውን ወደ እኛ ያመላለሱት እንደ ኤንትሬው ያሉት መኪኖች ናቸው። ግን እሺ፣ ሐውልት አይሁን። ይፈታ። ካምቢዮው ለብቻ፣ ባሌስትራው (ከሥር ያለው የብረት ስፕሪንግ) ለብቻ፣ ሞተሩ ለብቻ። ባሌስትራውን ቀጥቃጭ ይወስደዋል፤ ማረሻና መጥረቢያ ያወጣበታል። ሞተሩ ወፍጮ ያዞራል።

ወንድም፦

ወፍጮው ሁሉ በመብራት ሆኗል እኮ። ያ ሞተር የሚጠጣው ናፍጣ የሚፈጨውን እህል ዋጋ ይበልጣል።

ግመሎቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ መንገድ ላይ ነው ያለቁት፤ ማንም ሐውልት አላቆመላቸውም።

የአደራውን ነገር ግን ተቀብያለሁ። የሰው ንብረት አልሸጥም። ስሞቹ ይፈለጉ። ግን ገደብ ይኑረው፤ ገደብ ከሌለው የአባባ "ክረምቱ ይለፍና" ተመልሶ ይመጣል። እስከ መስቀል ይፈለግ። የተገኘ ባለቤት መኪናውን ጎትቶ ይውሰድ፣ ወይ ይሽጥልን፣ ወይ ፈርሞ ይተወው። ያልተገኘው ሕግ እንዳለው ይሆናል። እስከዚያ ሁሉም ወደ አጥሩ ተጠግተው በአንድ መሥመር ይቁሙ። የፊት ለፊቱ ይለቀቅና የሱቁ መሠረት ይቆፈር። ባትሪዎቹ ዛሬውኑ ይውጡ፣ ይህ ክርክር አያስፈልገውም።

ቮልሷን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ማን ነው የሚከፍለው? ከሱቁ ገንዘብ አንድ ብር አይነካም። ከእማዬም አንድ ብር አይነካም። (እዚህ ላይ አንድ መሥመር ቆርጫለሁ። የእህታችንን ደመወዝ የሚመለከት ነበር።)

እህት፦

የሱቁን ገንዘብ ማን ጠየቀህ? ሊብሬ ያላት ቮልስ ከውርስ ድርሻዬ ትቆጠር። ሽማግሌዎቹ ዋጋ ይተምኑላት፣ በነጋዴው ኪሎ ሳይሆን ቮልስ ከሚያውቅ ሰው ጋር። የሁለተኛዋ ባለቤት ከተገኘ ሞተሯን እገዛዋለሁ፤ ካልተገኘ ከሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። ላንድሮቨሩም ባለቤቱ እስኪታወቅ ሸራ ይልበስ። ሸራውን እኔ እገዛለሁ።

ሴይቼንቶዎቹ ሲወጡ ግን መሪዎቻቸውንና የፍጥነት ሰዓቶቻቸውን እንዳትሰጡ። ለብቻቸው ይሸጣሉ።

ወንድም፦

ድርሻሽ ከሆነች ያንቺ ጉዳይ ነው። ግን የሱቁ ቆፋሪ ሰኞ ነው የሚገባው፤ እሷ የቆመችው ሁለተኛው ሱቅ በሚወጣበት ቦታ ነው። ጎማዎቿ መሬት ውስጥ ሰምጠዋል፣ ፍሬኗም ተጣብቋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን ሰብስቢና ጠብቂኝ። ጃክና ሰንሰለት እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ጠፍጣፋ እንጨት አንቺ ፈልጊ፣ ያለሱ ወለሏ ይቀደዳል።