ቲቪው ዝም አለ ወይስ ጎግል በዛ? የድሬ ክርክር

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2012 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ሶፓ እና ፒፓ በሚባሉ ሁለት የኢንተርኔት ሕግ ረቂቆች ላይ ኔት ላይ ትልቅ ተቃውሞ ተነስቶ ነበር፣ ትልልቆቹ ቲቪዎች የዘገቡበት መንገድ አድልዎ ነው ወይስ አይደለም በሚል ሁለት የድሬ ሰዎች ተያይዘዋል። ስማችን አይውጣ ስላሉ በሰፈራቸው ጠርተናቸዋል።

የሳቢያኗ፦ አድልዎ ነው፣ ምን ያከራክራል። ሕጉ የተሰረቀ ፊልምና ዘፈን የሚለቁ የውጭ ሳይቶችን ለመምታት ነው የተባለው፣ ግን አንድ ሳይት ከተከሰሰ ሰርች ላይ እንዳይወጣ፣ ማስታወቂያውም ክፍያውም እንዲቆረጥ ያደርጋል፣ መጀመሪያማ ዶሜኑንም፣ ማለት የሳይቱን አድራሻ፣ የማገድ ነገር ነበረው። ኔት ላይ ያለው ሰው ወራት ሙሉ ሲጮህ የማታ ዜናው ጭጭ። ኤንቢሲ የማን ነው? የኮምካስት። ኤቢሲስ? የዲዝኒ። ፎክስ ደግሞ የሚዲያ ቱጃሩ የመርዶክ። ሁሉም ሕጉን የደገፉ ናቸው። አለቃህ የሚፈልገውን ሕግ ሰው ሲቃወም ካሜራ ይዘህ ትወጣለህ እንዴ?

የከዚራው፦ አቦ ቀስ በይ ልጄ። በፈረንጆቹ ጥር ላይ እኮ የፕሬዚዳንት እጩ ምርጫ ግርግር ነበር፣ አይዋ በጥር 3፣ ኒው ሃምፕሻየር በጥር 10፣ የማታ ዜና ደግሞ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ገና ያልጸደቀ ረቂቅ የትም አገር ዜና አይሆንም፣ የኛም ፓርላማ ካላጸደቀ ማን ያወራልሻል? ደግሞ ሙሉ በሙሉ ዝም አላሉም። ጥር 15 በኤንቢሲ የኬብል ቻናል በኤምኤስኤንቢሲ ላይ የክሪስ ሄይስ ፕሮግራም የባለቤቱን ኩባንያ የኤንቢሲዩኒቨርሳልን የራሱን የሕግ ኃላፊና ሬዲት ከሚባለው የውይይት ሳይት መስራቾች አንዱን ፊት ለፊት አስቀምጦ አከራክሯል። ባለቤቱን ለመደበቅ የፈለገ እንደዛ ያደርጋል?

የሳቢያኗ፦ እሁድ ጠዋት እኮ ነው ጋሼ! (ቅር እንዳይልህ፣ የድሬ ልጅ አንቱ አይወጣውም።) ሰው ዜና የሚያየው ማታ እራቱ ላይ ነው። ቆይ ደግሞ ሌላም አለ፣ የፈረንጆቹ ጥር 18 ማለት በኛ ጥር 9 2004፣ የከተራ ዋዜማ፣ እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ለተቃውሞ ገጹን ዘግቶ ለ24 ሰዓት ጠቆረ፣ ጎግልም ሎጎውን በጥቁር ሸፈነና ከ7 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ተሰበሰበ፣ ያኔ ነው ሁሉም ካሜራ የመጣው። መጥቶስ? ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን በምን ሊሠሩ ነው፣ ሆሊውድ ከሲሊከን ቫሊ ተጣላ ምናምን። ለኮንግረስ ሲደውል የዋለው ተራ ሰው ወሬው ውስጥ የለም። ከሁለት ቀን በኋላ፣ እኛ ጥምቀት ላይ ሆነን ማለት ነው፣ የሴኔቱ መሪ ሃሪ ሪድ ፒፓ ላይ ሊሰጥ የነበረውን ድምፅ ወደ ሌላ ጊዜ አስተላለፈው፣ የታችኛው ምክር ቤትም ሶፓን ይቆይ አለ። ይሄን ያደረገው ማነው፣ የማታ ዜናው ነው?

የከዚራው፦ አይደለም፣ ጎግል ነው፣ እኔ የምፈራውም እሱን ነው። ክሪስ ዶድ፣ የፊልም ኩባንያዎቹ ማህበር መሪ፣ ሳይቶቹ ሊጠቁሩ በዋዜማው ይሄ ሥልጣንን አላግባብ መጠቀም ነው ብሎ ነበር፣ ጥቅም አለው ግልጽ ነው፣ ግን ተሳስቷል? ደግሞ አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምትፈርጂው፣ ቀፊራ ሱቅሽ ውስጥ በሚሞሪና በፍላሽ ዘፈን ስትጭኚ አይደል የምትውይው፣ ዘፋኙ ሳንቲም አይደርሰው።

የሳቢያኗ፦ እጭናለሁ፣ ሕጉ ቢያልፍ የኔ ዓይነቱ እንደሚጎዳም አውቃለሁ፣ ይኸው በግልጽ አወራሁት። እኔ የምለው እነሱም ይንገሩን ነው። ዜና አንባቢው «ባለቤታችን ይሄን ሕግ ይደግፋል» ብሎ ይጀምርና የፈለገውን ይዘግብ፣ እኔ አመዛዝኜ እሰማዋለሁ። አድልዎ የምለው ጥቅም መኖሩን ሳይሆን መደበቁን ነው።

የከዚራው፦ ደህና፣ ግን የጮኸ ሁሉ እውነት አይናገርም። በዛው ዓመት ግንቦት ሰኔ ላይ ስለኛ የወራውን ረሳሽው? የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጁ 761/2004 ሲመጣ የውጭ ሚዲያው ኢትዮጵያ ውስጥ ስካይፕ የተጠቀመ 15 ዓመት ይታሰራል ብሎ ዓለምን ሞላው። መንግሥት ተራ ተጠቃሚውን አይመለከትም አለ፣ ያኛውን ግን ስንቱ ሰማ? ኔት ላይ የጦፈ ተቃውሞ ሲኖር ጋዜጠኛው አዋጁን ማንበቡን ትቶ ጩኸቱን ይደግማል።

የሳቢያኗ፦ አዋጁ እኮ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን ወንጀል ያደረገ ነው! ያኔ ኢንተርኔት ቤት እሠራ ነበር፣ አንዷ እናት ሄድፎን አድርጋ ጂቡቲ ካለው ልጇ ጋር ስታወራ በሩ በተከፈተ ቁጥር ዞር ትል ነበር። 15 ዓመቱ የተጋነነ ይሁን፣ ፍርሃቱ ግን ከሰማይ አልወረደም። ያው ማብራሪያው ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ግነቱም ቦታ አያገኝም ነበር።

የከዚራው፦ እሺ ጎግልስ ለማን ነገረ ጥቅሙን?

የሳቢያኗ፦ ጥቁሩ ስር ጽፎት ነበር፣ ኮንግረስን ኢንተርኔቱን ሳንሱር አታድርግ በሉት ብሎ። አቋሙን አልደበቀም።

የከዚራው፦ አቋሙን ጻፈ፣ የሌላውን ወገን ሊንክ ግን አላደረገም። ኤንቢሲ ቢያንስ ጠበቃውን ከሬዲቱ ልጅ ጋር አስቀምጧል፣ በእሁድም ይሁን።

የሳቢያኗ፦ ጎግል እኮ ዜና አቅራቢ ነኝ አላለም ጋሼ።

የከዚራው፦ አላለም፣ ሱቅሽ የሚመጣው ጎረምሳ ግን ዜና የሚፈልገው ከዛ ነው፣ ጠይቂው።