ቦቴውን እንጂ ውሉን አንጠይቅም

ጎንደሬዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ ስለ ነዳጅና ስለ ኦጋዴኑ ጋዝ የምታወሩትን እየሰማሁ ዝም ማለት አቃተኝ። አንዱ «ቻይና ገባች፣ አለቀልን» ይላል። ሌላው «ማሌዥያ ብትሆን ይሻል ነበር» ይላል። የኩባንያው ባንዲራ ይቆጠራል። ውሉ ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

እኛ እኮ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የሱዳን ቤንዚን በመተማ ገብቶ በአዘዞ በኩል አልፏል። ቦቴዎቹን ሁላችሁም አይታችኋል። ቤንዚኑ የሚጣራበት ድፍድፍ ነዳጅ ከየት እንደሚወጣና ማን እንደሚያወጣው የጠየቀ ስንት ነው? ያወጣው የነበረው ታላቁ ናይል የሚባል ሽርክና ነው። 40 በመቶው የቻይና መንግሥት ኩባንያ የሲኤንፒሲ ነበር፣ 30 በመቶው የማሌዥያው ፔትሮናስ። 25 በመቶው ቀደም ሲል ታሊስማን የሚባል የካናዳ የግል ኩባንያ ድርሻ ነበር። የቀረችው 5 በመቶ የሱዳን ነበረች። በእርግጥ የሱዳን መንግሥት በውሉ መሠረት ከምርቱም ድርሻ ያገኝ ነበር። ውሉን ግን ሕዝቡ አላየውም።

አሁን ደግሞ ይህን ስሙ። ድፍድፉ በሚወጣበት፣ ዛሬ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ባለው በቤንቲዩ አካባቢ ጉድጓድ ሲቆፈር መንደር ይቃጠል፣ ሰው ይፈናቀል ነበር። ካናዳ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት፣ ባለአክሲዮኖችና ተራ ዜጎች ታሊስማንን አላስቀምጥ አሉት። እ.ኤ.አ. በ2003 ድርሻውን ሸጦ ወጣ። ማን ገዛው? የህንድ መንግሥት ኩባንያ ኦኤንጂሲ ቪዴሽ። የግሉን ኩባንያ ዜጎቹ ነዝንዘው አስወጡት፤ የመንግሥቶቹን ኩባንያዎች አገራቸው ላይ እንደዚያ የሚነዘንዛቸው አልነበረም። እነሱም ተደላድለው ቀሩ።

ፔትሮናስን ለማጣጣል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ተቋቁሞ የማሌዥያን ነዳጅና ጋዝ በሙሉ በሕግ የያዘ፣ ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የሆነ ጎበዝ ኩባንያ ነው። የአገሩ ጉድጓድ አንድ ቀን እንደሚነጥፍ ቀድሞ ገብቶታል። ለዚህ ነው ወደ ቬትናም፣ ወደ ሱዳን፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ካናዳ የወጣው። እኛም ጋ መጥቶ ነበር። ጋምቤላ ቆፈረ፤ የሚረባ አላገኘም። ኦጋዴን ውስጥ የካሉብንና የሂላላን ጋዝ ይዞ ቆየና ጥሎ ሄደ። ሲመጣ ስንት ተወራለት! ሲሄድ ግን ለምን ሄደ፣ ያጠናው ጥናት ማን እጅ ቀረ ብሎ የጠየቀ ጎንደሬ አላጋጠመኝም።

ኖርዌዮችን እዩ። የመንግሥት ኩባንያቸው ኢኩይኖር አሜሪካ ሄዶ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጋዜጦቻቸው ነገሩን አፍረጠረጡት፣ አገሩ ተናወጠ። ኩባንያው በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ሪፖርቱ ለሕዝብ ወጣ።

እኛ የምንናወጠው ማደያ ላይ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ቀጂውን ልጅ እንሰድባለን። ማደያ ውስጥ ሰው ያለው በሌሊት በርሜሉን ይሞላል። ጠዋት በሃይላንድ እየቀዳ ለባጃጅ ሾፌር በውድ ይቸበችባል። ማታ ደግሞ «አገሪቱ ተበላች» እያለ የሚያማርረው እሱ ራሱ ነው። እናንተም ከሱ እየገዛችሁ አብራችሁ ታማርራላችሁ። ቤንዚን አልጋ ሥር አስቀምጦ ልጆቹን እዚያው የሚያስተኛም አለ፤ እሱን እንኳ ምን እንደምለው አላውቅም።

የሱዳኑ በር ዛሬ የለም። ሚያዝያ 2015 ጦርነት ተነሳ። ሲኤንፒሲና የሱዳን መንግሥት በእኩል ድርሻ የያዙት፣ ካርቱም አጠገብ ያለው የጃይሊ ነዳጅ ማጣሪያም ተቃጠለ። አሁን ዓይናችን ሁሉ ጅቡቲ ላይ ነው።

ካሉብ ላይ ደግሞ በመስከረም 2018 የጋዝ ማምረቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቋል። የያዘው ጂሲኤል የቻይና ኩባንያ ነው፤ የግል እንጂ የመንግሥት አይደለም፣ ሻይ ቤት ለምትከራከሩት። ጋዙ እዚያ እንዳለ ከታወቀ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። «ካሉብ የት፣ ጎንደር የት» እንዳትሉኝ። ሽላቦ ያለው አርብቶ አደር ከደጁ ከሚወጣው ጋዝ ምን አገኘ ብሎ መጠየቅ የእኛም ሥራ ነው። በቤንቲዩ ሰዎች ላይ የደረሰውን ያኔ ቦቴው በደጃችን ሲያልፍ አልጠየቅንም። አሁን ግን ጉዳዩ የገዛ አገራችን ነው።

መጠየቅ አመፅ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 የማዕድንና የነዳጅ ገቢ ለሕዝብ ግልጽ ይሁን የሚለውን ዓለም አቀፍ ማኅበር በእጩነት ተቀላቅላለች። ዋናው ኦዲተርም በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል። የምክር ቤት ተወካያችሁ ሲመጣ መብራትና ውሃ ትጠይቁታላችሁ፤ ደግ ነው። እግረ መንገዳችሁን ይህንንም ጠይቁት። ከጋዙ የመንግሥት ድርሻ ስንት ነው? ውሉ ለስንት ዓመት ነው? ሒሳቡን ማን ይመረምራል? «አላውቅም» ብሎ ከመለሰላችሁ በሚቀጥለው አውቆ እንዲመጣ ንገሩት፣ ቀኑንም ቁረጡለት። ያን ጄሪካን ደግሞ ዛሬውኑ ከአልጋ ሥር አውጡት።