ሳጥኑን ክፈቱት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ቤተሰቦች ያመጧቸው የእንጨት ሳጥኖች ዛሬ በሙዚየሞች ተደርድረዋል። ጎብኚው ፊታቸው ላይ የተሣለውን አበባ፣ የባለቤቱን ስምና ዓመቱን አንብቦ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ክዳናቸው የተዘጋ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሳጥኑ ሥዕል ሳይሆን የቤት ዕቃ ነበርና።

በ1825 እ.ኤ.አ. «ሬስቶራሲዮን» የተባለች ትንሽ መርከብ 52 ሰዎች ይዛ ከኖርዌይ ወደብ ከስታቫንገር ተነሣች። መንገድ ላይ አንዲት ሕፃን ተወልዳ ኒውዮርክ የደረሱት 53 ሆነው ነው። በቀጣዮቹ መቶ ዓመታት ከ800,000 በላይ ኖርዌጃውያን ተከተሏቸው። በሸራ መርከብ ዘመን ጉዞው ሁለትና ሦስት ወር ይፈጅ ነበር፤ ምግቡም በአብዛኛው የተሳፋሪው ኃላፊነት ነበር። እናት ስስ ቂጣ ትጋግራለች፣ ሥጋ ታደርቃለች፣ አይብና ዱቄት ታዘጋጃለች። ያ ሁሉ ስንቅ የሚገባው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። በመርከቡ ሆድ ደግሞ መቀመጫም ገበታም እርሱ ነው። ዛፍ በሌለበት የአሜሪካ ሜዳ፣ ከነሣሩ በተቆረጠ አፈር በተሠራ ጎጆ ውስጥ፣ ጠረጴዛ እስኪገኝ ድረስ አገልግሎቱ አላበቃም።

ከሁሉ የሚነካኝ ግን ብዙዎቹ ለጉዞ የተሠሩ አለመሆናቸው ነው። አያት ጎጆ የወጣችበት የሙሽራ ሳጥን፣ ከአሮጌው ጽሑፍ አጠገብ የልጅ ልጅ ስምና «ሰሜን አሜሪካ» የሚል አድራሻ ተጨምሮበት ባሕር ይሻገራል። አንድ ጣውላ የሁለት ሰው ሕይወት ተሸክሟል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ፍቆ፣ ቀለሙን አድሶ እንደ አዲስ ማሳመር ለእኔ ማጥፋት ነው። ጭረቱም፣ የበሰበሰው ግርጌም፣ የተጠገነው ማጠፊያም ይቆይ።

ስደተኞቹ ይህን ቀድመው ተረድተዋል፤ በአዮዋ ግዛት ዲኮራ የሚገኘው፣ የኖርዌይ ስደተኞችን ቅርስ የሚጠብቀው የቬስተርሃይም ሙዚየም ስብስብ የተጀመረው በ1877 እ.ኤ.አ. ነው። በሚኒሶታ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከእነዚያ ሰዎች ዘሮች ጋር ጎረቤት ነን። በሱዳን በኩል የመጡ ወላጆቻችን የያዟትን የመጀመሪያ ሻንጣ ስንቶቻችን አስቀምጠናል? ስንቶቻችንስ ቤት ስንቀይር ጣልናት?

ሙዚየሞችን የምጠይቀው ቀላል ነው። ክዳኑን አንሱት። ከጎኑ የአንድ ቤተሰብ የሦስት ወር ስንቅ ምን ያህል እንደሆነ ደርድራችሁ አሳዩ። ልጆች የሚቀመጡበትና ምሳቸውን የሚበሉበት አንድ አምሳያ ሳጥንም ይሠራላቸው።