የመምህራን የቴሌግራም ግሩፕና የ60 ሰዓቱ ግዴታ

በሀገራችን የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያ መሠረት እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ሙያውን ለማሳደግ ማዋል ይጠበቅበታል። መምህሩ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ችግር ይለያል፣ ያቅዳል፣ ይተገብራል፣ ይገመግማል፤ ሥራውም በማህደረ ተግባር ተሰድሮ ለርዕሰ መምህሩና ለሱፐርቫይዘሩ ይቀርባል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ይህ ዕቅድ ከመምህሩ ክፍል ሳይሆን ከቴሌግራም ቻናል የሚቀዳበት አጋጣሚ እየበዛ መጥቷል፤ የአንዱ ትምህርት ቤት ስም ይጠፋል፣ የሌላው ይገባል፣ ይታተማል፣ ፊርማና ማኅተም ያርፍበታል። ስለዚህ «መምህራን ቴክኖሎጂን ይጠቀሙ» የሚለው የስብሰባ ምክር ጊዜው አልፎበታል። መምህሩ እየተጠቀመ ነው፤ መነጋገር ያለብን ለምን እንደሚጠቀምበት ነው።

ቴሌግራም ውለታ አልዋለም ማለቴ አይደለም። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ኅትመት በዘገየ ጊዜ ብዙ መምህር ያስተማረው በስልኩ ካወረደው ፒዲኤፍ ነበር። ሆኖም ፋይል ማውረድና በሙያ ማደግ ለየቅል ናቸው። በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት ያየ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት አይቸገርም፤ ትምህርቱ በሳተላይት እየመጣ ይፈስስ ነበር፣ መምህሩ ግን ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ከተማሪዎቹ ጋር የሚመለከት፣ ቢበዛ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ የሚያብራራ ሰው ሆኖ ቀረ። አንዱ እየለጠፈ ሺዎች የሚያወርዱበት ቻናልም ከዚያ ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

ለውጥ የሚያመጣው አነስ ያለ፣ የሚነጋገር ግሩፕ ነው። ለምሳሌ የ5ኛ ክፍል ሒሳብ የምታስተምር መምህርት ተማሪዎቿ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ሲደምሩ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረው ሁለት አምስተኛ እንደሚያገኙ አስተዋለች እንበል። የአንዱን ደብተር ገጽ ስሙ ሳይታይ ፎቶ አንስታ በጉድኝት ማዕከሏ (ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች ተጣምረው በሚሠሩበት ማዕከል) የሒሳብ መምህራን ግሩፕ ላይ ብትልከው፣ ሌላው ባልደረባዋ «ከመደመራቸው በፊት ውጤቱ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብለሽ ጠይቂያቸው» ሊላት ይችላል። ሁለት አምስተኛ ከግማሽ እንደሚያንስ የተረዳ ልጅ ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል። በማግስቱ ሞክራ የሆነውን፣ ያልሠራውንም ጭምር፣ ብትጽፍ ያ ግሩፕ ከብዙ የአዳራሽ ሥልጠና ይሻላል።

ኢንተርኔት እንኳ የማይጠይቅ ነገርም አለ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ ለ1 ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ወደ 3 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና ዝም የሚሉትም መናገር እንደሚጀምሩ አሳይታለች። የራሱን ክፍለ ጊዜ በስልኩ ድምፅ መቅጃ ቀድቶ ማታ የሚያዳምጥ መምህር ይህን በራሱ ላይ ማረጋገጥ ይችላል፤ ወጪው አንድ ጊዜ ባትሪ መሙላት ነው። የፊዚክስ መምህሩም ቤተ ሙከራ ባይኖረው ፌት (PhET) የተባሉትን፣ ሙከራን በስክሪን ላይ የሚያሠሩ ነጻ ሲሙሌሽኖች ኢንተርኔት ባለበት አውርዶ ያለ ኔትወርክ ሊሠራባቸው ይችላል።

በርግጥ የፓኬጅ ዋጋ ለመምህር ደመወዝ ቀላል አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ለወራት እንደሆነው ማኅበራዊ ሚዲያ ሲታገድም ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ጠቃሚ የሆነውን በየጉድኝት ማዕከሉ ኮምፒውተርና ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ግድ የሚለው ለዚህ ነው። በተቃራኒው ለእይታ ብዛት ሲባል መልስ የሳተውን ልጅ ፊት በቲክቶክ ማሳየት ሙያም አይደለም፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሲሆን ደግሞ ነውር ነው።

እኔ የምጠይቀው ውሳኔ ትንሽ ነው። እንዲህ ያለ ውይይት ከ60ው ሰዓት ውስጥ ይቆጠር። በማህደረ ተግባሩ የሚገባውም ከሌላ የተቀዳ ሞጁል መሆኑ ቀርቶ መምህሩ ያነሳው ጥያቄ፣ ከባልደረቦቹ ያገኘው ሐሳብ፣ በክፍሉ የሞከረው ነገርና ከሙከራው በፊትና በኋላ የተሠሩ ሁለት ሦስት የተማሪ ሥራዎች ይሁኑ። ሱፐርቫይዘሩ የማኅተሙን ቀን ከሚያጣራ ያንኑ ክፍል ገብቶ ቢያይ ይመረጣል። ይህን ለመጀመር ከሚኒስቴሩ አዲስ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ የጉድኝት ማዕከል በአንድ የትምህርት ዓይነት፣ ከሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ ሊሞክረው ይችላል።