የተሸጠ መኪና አይመለስም?

የአክስቴ ልጅ አዲሷን የኤሌክትሪክ መኪናውን ከመሸጫው ካወጣ በ19ኛው ቀን ማታ፣ ግቢው ውስጥ ቻርጀር ሰክቶ ተኛ። ሲነጋ ባትሪው ማታ ከነበረበት 31 በመቶ ንቅንቅ አላለም። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ምልክት በርቷል፤ ከሥሩ አንድ መስመር የቻይንኛ ጽሑፍ አለ። በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ቢያስተረጉመው «የኃይል ሥርዓት ብልሽት፤ የአገልግሎት ማዕከልዎን ያነጋግሩ» የሚል ሆነ። ማዕከሉ የት እንዳለ ሲያፈላልግ ይኸው አምስት ወር አለፈው።

የሻጩን ስም አልጠራም። ብጠራውም ባልጠራውም ታሪኩ አይለወጥም፤ ሌላ ስም ቢገባበት ያው ነው። «ወንድሜ፣ ሶፍትዌር ነው፤ አጥፍተህ አብራት» አሉት በመጀመሪያው ቀን። በሳምንቱ «ቴክኒሻናችን ክፍለ ሀገር ወጥቷል» ሆነ። በወሩ ደግሞ «እኛ በኮሚሽን ነው የምንሸጠው፤ አስመጪውን ጠይቅ» ተባለ። አስመጪው ተፈልጎ ሲገኝ መኪናዋን ዱባይ ካለ ነጋዴ እንደገዛና ከአምራቹ ጋር ምንም ውል እንደሌለው ፊት ለፊት ተናገረ። በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ እውነቱን የተናገረ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተሰማ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት ለኤሌክትሪክ መኪኖች የኤክሳይዝ፣ የተጨማሪ እሴትና የሱር ታክስ እፎይታ ከተሰጠ ጀምሮ፣ ገበያው የደራው በአንድ ጀንበር ነው ማለት ይቻላል። ትናንት መጋረጃና ምንጣፍ ይሸጥበት የነበረ ቤት ዛሬ አራት መኪና ደርድሮ ይታያል። ፖሊሲውን አልቃወምም። ቤንዚን ለመቅዳት ሌሊቱን ተሰልፎ ያደረ ሰው ለምን እንደማልቃወም ይገባዋል። ነገር ግን መኪናው ገባ እንጂ ተጠያቂው አብሮት አልገባም።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ጠበቃ ዘንድ ሄደ። ጠበቃው ገና ሳይቀመጥ የጠየቀው «ከገዛህ ስንት ቀንህ ነው?» ብሎ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ጥሩ ሕግ ነው። በየሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት በዚህ ድንጋጌ ፊት ከወረቀትነት አያልፍም። ሆኖም ድንጋጌው ሲጻፍ በአርቃቂዎቹ ፊት የነበረው ዕቃ ጫማ ወይም ሬዲዮ ሳይሆን አይቀርም። የጫማ ሶል በሁለት ሳምንት ይላቀቃል፤ ሬዲዮም የገዙት ዕለት ማታ ይንኮሻኮሻል። የመኪና 15 ቀን ግን ስም እስኪዞር፣ ሰሌዳ እስኪወጣ፣ ኢንሹራንስ እስኪገባ በየቢሮው ደጃፍ የሚያልቅ ነው። ባለቤቱ መኪናውን ዳገት አውጥቶ፣ ዝናብ አስመትቶ፣ ባትሪውን ጨርሶ ሞልቶ ሳያየው ቀኑ ያልፋል። የአክስቴ ልጅ ያመለጠው በአራት ቀን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል፤ መመለስ ግን አልነበረበትም። አዋጁ ራሱ ለሸማቹ የተሻለ ዋስትና፣ ሕግ ወይም ውል ካለ እሱ እንደሚቀድም ይናገራል። የተሻለው ሕግ ደግሞ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት ነፃ ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ገዢው በበኩሉ ዕቃውን እንደተመቸው መመርመርና ጉድለት ባገኘ ጊዜ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ካስታወቀ በኋላ መብቱን ለመጠየቅ አንድ ዓመት አለው። በ15 ቀንና በአንድ ዓመት መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ ጥሪት ነው።

«ማስታወቅ» የምትለዋን ቃል ግን ልብ በሉ። የአክስቴ ልጅ ለሻጩ አሥራ አንድ ጊዜ ስልክ ደውሏል፤ ሦስት ጊዜ በአካል ሄዷል፤ የቀዩን ምልክት ፎቶ በቴሌግራም ልኳል። አንድ ደብዳቤ አልጻፈም። ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ፊርማ የጎደለው ቫውቸር በእሱ እጅ አያልፍም። በራሱ ጉዳይ ግን «ሰው ለሰው በቃል ይግባባል» ብሎ ተቀመጠ። መደረግ የነበረበት ጉድለቱን፣ የታየበትን ቀንና የሻንሲ ቁጥሩን ጠቅሶ በሁለት ቅጂ ደብዳቤ መጻፍ፣ አንዱን ሰጥቶ በሌላው ላይ ማስፈረም፣ አንፈርምም ካሉም በሪኮማንዴ መላክ ነበር። ይህን የተናገርኩት ጠቢብ ሆኜ አይደለም፤ ከእሱ መከራ በኋላ የተማርኩት ነው።

ይህ ሁሉ ታልፎ ውሉ ሲገለጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። ውልና ማስረጃ ቀርቦ የፈረመበት ወረቀት ብዙዎቻችን የምናውቀውን ዐረፍተ ነገር ይዟል፦ «ተሽከርካሪውን አይቼ፣ መርምሬና ወድጄ ገዝቻለሁ»። ይህ ቃል የአሮጌ መኪና ውል ቅርስ ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለች ቪትዝ ከደላላ ሲገዛ፣ መካኒክ ይዘህ ሄደህ ኮፈኗን ከፍተህ ስለምታይ ትርጉም ነበረው። ፌስታሉ ከወንበሩ ላይ ያልተነሣ ዜሮ ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ምን ይመረመራል? ባትሪው የታሸገ ነው፤ ሻጩም ራሱ ከፍቶ አላየውም። ሕጉ ዐይን የማይስተውን ግልጽ ጉድለት አይቶ ዝም ብሎ የገዛ ሰው እንዳይከስ ይከለክላል፤ የተሸሸገው ግን ሌላ ነገር ነው። ሻጭ እያወቀ ጉድለት ከደበቀ ደግሞ «ዋስትና የለኝም» የሚል የውል ቃል አያድነውም። ችግሩ «ያውቅ ነበር» ብሎ ማስረዳቱ ላይ ነው፤ ያ ሸክም በገዢው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

የዋጋው ነገር የባሰ ነው። የአክስቴ ልጅ የከፈለው 3 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ነው። ውሉ ላይ የሰፈረው 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ነው። «ለግብሩ ይቀልሃል» ተብሎ በፈቃዱ ፈረመ። እዚህ ላይ እኛ ገዢዎችም ንጹሕ አይደለንም። በውሉ ላይ ዋጋ ያሳነሰ ሰው ነገ «ዋጋዬ ይመለስልኝ» ሲል እንዲመለስለት የሚጠይቀው ራሱ የጻፈውን ውሸት ነው። የቀረውን 1 ሚሊዮን ተኩል በምን ያስረዳል? በባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት? ያንንም በሦስት ሰዎች ስም እንዲከፍል አድርገውታል። በእኔ ግምት በዚህ ከተማ የመኪና ገዢ መብቱን የሚያጣው መኪናው የተበላሸ ቀን ሳይሆን የፈረመ ቀን ነው።

የዋጋ ተመላሽ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት መኪና ገዝቶ ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው አሸንፎ የከፈለውን ብር በሙሉ ቢረከብ እንኳ ያንኑ መኪና መልሶ አይገዛበትም። ስለዚህ አዋጁ ከሚሰጠው ምርጫ «ይለወጥልኝ» የሚለው «ገንዘቤ ይመለስ» ከሚለው እንደሚሻል አምናለሁ። ሻጩ ተመሳሳይ መኪና ከሌለውስ? እዚያ ላይ ነው ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ የሚሆነው።

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወንድሜ ይህን ስነግረው ሳቀ። እዚያ ተበላሽቶ የማይጠገን አዲስ መኪና «ሎሚ» ይባላል አለኝ። እኛ ሎሚ የምንወረውረው በጥምቀት፣ ለወደድናት ነው፤ እነሱ ዘንድ የጠላኸው መኪና ስም ነው። የሎሚ ሕግ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 በኮኔቲከት ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ክፍላተ ግዛት አላቸው። በሜሪላንድ አዲስ መኪና በ24 ወር ወይም በ18 ሺህ ማይል ውስጥ አንድ ዓይነት ብልሽት አራት ጊዜ ተሞክሮ ካልተጠገነ፣ ወይም በድምሩ 30 ቀን ጋራዥ ከቆመ፣ አምራቹ ይለውጣል ወይም ገንዘብ ይመልሳል። የፍሬን ወይም የመሪ ጉድለት ከሆነ አንድ ያልተሳካ ጥገና ይበቃል። ወንድሜ ጥያቄውን ያቀርብ የነበረው በቀጥታ ለአምራቹ ነው፤ ለደላላ አይደለም።

አሜሪካ ሩቅ ነው፣ ሀብታም ነው የሚል አይጠፋም። እንግዲያው መኪናዋ ወደተሠራችበት ወደ ቻይና እንሂድ። እዚያ መጠገን፣ መለወጥና መመለስን የሚያካትት «ሦስቱ ዋስትናዎች» የሚባል የመኪና ደንብ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪና ሞተርም በስም ገብተውበታል። በሰባት ቀን ውስጥ ባትሪው ወይም ሞተሩ መቀየር ያለበት ሆኖ ከተገኘ መኪናው ይለወጣል ወይም ይመለሳል። በ60 ቀን ወይም በ3 ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ መሪው ወይም ፍሬኑ ከከዳም እንደዚሁ ነው። ሰባት ቀን ከእኛ 15 ቀን ያንሳል፤ ቀን መቁጠር ብቻውን ምንም እንዳልሆነ የገባኝም ይህን ሳነብ ነው። ከዚያ ከሰባቱ ቀን ጀርባ የሦስት ዓመት ወይም የ60 ሺህ ኪሎ ሜትር የጥገና ዋስትና ቆሟል፤ ዋስትናውን የሚፈጽም የታወቀ ሰውም አለ። የአክስቴ ልጅ መኪና በተሠራችበት አገር ብትሸጥ ኖሮ በ19ኛው ቀን ወደ ጋራዥ ገብታ በነፃ ትጠገን ነበር። ዱባይን አቋርጣ ጅቡቲ ስትራገፍ ግን ያ መብት ከሳጥኑ ውስጥ የለም።

የአምራች ጥሪ፣ ማለትም አምራቹ ጉድለት ያገኘበትን የተሸጠ መኪና ለጥገና መልሶ የሚሰበስብበት አሠራርም አለ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ቢዜድ ፎር ኤክስ የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪናውን፣ የጎማ ማሰሪያ ብሎኑ እየላላ ጎማ ሊወልቅ ይችላል ብሎ በዓለም ዙሪያ 2 ሺህ 700 ያህል መኪኖችን ጠርቷል፤ በአሜሪካ መልሶ እገዛችኋለሁ እስከማለትም ደርሷል። ጥሪው ባለቤቱን የሚያገኘው የሻንሲ ቁጥሩ ከስሙና ከአድራሻው ጋር አምራቹ ዘንድ ስለተመዘገበ ነው። በሦስት ነጋዴ እጅ ተላልፎ አዲስ አበባ የደረሰ መኪና ነገ እንዲህ ያለ ጉድለት ቢገኝበት፣ በማን መዝገብ ላይ ያለ ስልክ ይደወላል?

ሊለወጥ ይገባል የምለው ብዙ አይደለም። ለመኪና የጊዜው ቆጠራ መጀመር ያለበት ዕቃው ከተገዛበት ሳይሆን ጉድለቱ ከታየበት ቀን ነው፤ ጣሪያ ይበጅለት ከተባለም ወርና ኪሎ ሜትር ይቀመጥለት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት የሸማቾች ሕግ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የታየ ጉድለት ሲሸጥም እንደነበረ ይቆጠራል፤ አልነበረም የሚል ሻጭ ራሱ ያስረዳል። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ብንዋሳት ለብዙ ቤተሰብ እንቅልፍ ትሰጣለች። መኪናን ለራይድ ሥራ የሚገዛው ሰውም ጥበቃው እንደሚደርሰው በግልጽ ይጻፍ። አዋጁ «ሸማች» የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ስለሆነ፣ ሻጩ ነገ «አንተ ነጋዴ ነህ» ብሎ ሊከራከረው ይችላል። ሸማቾችን ይጠብቅ የነበረው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. በአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ከተጠቃለለ ወዲህ፣ አቤት ባዩ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ደጋግሞ ማስተማሩም አይከፋም።

የአክስቴ ልጅ አሁን ክስ ለመመሥረት ሰነድ እየሰበሰበ ነው። አንድ ጎበዝ ወጣት መካኒክ በላፕቶፑ አይቶ «ጋሼ፣ ባትሪው ደህና ነው፤ ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ ወደ ባትሪው የሚያሳልፈው ዕቃ ነው የተቃጠለው» ብሎታል። ዕቃው ከጓንግዡ በመንገደኛ ሻንጣ እንዲመጣ ታዟል፤ ገንዘቡን የከፈለውም ራሱ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደረው ብር በየወሩ ከደመወዙ ይቆረጣል፤ አንድም ወር አልተሳሳተም። መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ባለቤቱ ግን አሁንም አንዳንድ ማታ ወጥቶ ቻርጀሩን ይሰካዋል።