ነጥቧ ስብሰባ ጠራች

ልጅ ገላው ላይ ማርያም የሳመችው ምልክት ካለ፣ ያቺ ጥቁር ነጥብ የምትለወጠው ዓርብ ማታ ነው። ሰኞ ጠዋት ተለውጣ አታውቅም። ክሊኒክ እስኪዘጋ ትጠብቅና ልጁ ገላውን ሲታጠብ ጉድ ታፈላለች። ጠቁራለች? ሰፍታለች? ወይስ መብራቱ ነው? እናት አባትን ትጠራለች። አባት መነጽሩን ይፈልጋል። መነጽሩ እስኪገኝ ልጁ ራቁቱን ይንቀጠቀጣል።

«ድሮም እንዲህ ነበረች እንዴ?»

እዚህ ላይ ትዳር ይፈተናል። አባት «ነበረች» ይላል። «አንተ ደግሞ የልጅህን ጀርባ መቼ አይተህ ታውቃለህ!» የሚል መልስ ያገኛል። ለማስረጃ ስልክ ይከፈታል። የልጁ ፎቶ በሽ ነው። ሲስቅ አለ፣ ሲያለቅስ አለ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቶ አለ። ጀርባው ብቻ የለም።

ከዚያ ሁለቱም ኢንተርኔት ውስጥ ገብተው በአንድ ሌሊት የቆዳ ስፔሻሊስት ሆነው ይወጣሉ። ሐኪሞች የቆዳ ካንሰርን ለመጠርጠር እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት መለኪያ አለ። የነጥቧ ሁለት ጎን ይመሳሰላል ወይ? ጠርዟ ተሸራርፏል ወይ? ቀለሟ ተዥጎርጉሯል ወይ? ስፋቷ ከ6 ሚሊ ሜትር በልጧል ወይ? «ተለውጣለች ወይ?» የሚለው የተጨመረው ዘግይቶ፣ በ2004 ነው። ወላጅ ግን ከሁሉም የሚወደው ስፋትን ነው፤ ቤት ውስጥ ማስመሪያ አለዋ! ልጁን ይኮረኩረዋል፣ ይስቃል፣ ይጠማዘዛል። ነጥቧ አንዴ 4፣ አንዴ 7 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። «ኧረ እያየናት አደገች!»

ማደጓ መቼም አይቀርም። ልጅ ሲያድግ ቆዳውም ያድጋል፣ ነጥቧም አብራ ትሰፋለች። አዳዲስ ነጥቦችም በልጅነትም በጉርምስናም ይወጣሉ። የጫማ ቁጥሩ ሲጨምር ግን ማንም ስብሰባ አልጠራም። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በልጆች ላይ፣ በተለይ ከጉርምስና በፊት፣ እጅግ ብርቅ ነው። ሲመጣም ብዙ ጊዜ ለአዋቂ የወጣውን መለኪያ አያከብርም። ሮዝ ወይም ቀይ እብጠት መስሎ፣ አንድ ወጥ ቀለም ይዞ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር አንሶ ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ለልጆች የሚሆን ተጨማሪ መለኪያ የቀረበው ለዚህ ነው። እኛ ጥቁሯን በማስመሪያ ስናሳድድ፣ በየጊዜው የምትደማዋን ቀይ እብጠት «የትንኝ ናት» ብለን እናልፋታለን። ምስኪን ትንኝ፣ ስንቱን ጥፋት ተሸከመች!

ቅዳሜ ፎቶው የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ይለቀቃል። አክስት «በክር እሰሪያት፣ ደርቃ ትወድቃለች» ትላለች። (እባካችሁ! የታሰረ፣ የተቃጠለ፣ ቤት ውስጥ የተቆረጠ ነገር ላብራቶሪ ሊያየው የሚገባውን ያጠፋል።) አያት «አባቱም ነበረበት» ብለው የጎልማሳ ልጃቸውን ሸሚዝ ያስገልባሉ። አጎት ማታ ዘግየት ብሎ ይገባና «ቦብ ማርሌም በእግሩ ጣት ነው የጀመረው» ብሎ ይጽፋል። ግሩፑ ጸጥ ይላል። አልዋሸም። እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት፣ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ግን እኮ ቦብ ማርሌ ያኔ ወተት ጥርሱን አልጨረሰም አይባልም! አጎት ይህን ጽፎ ለጥ ብሎ ይተኛል። ቁጭ ብለው የሚያነጉት የልጁ ወላጆች ናቸው።

ሰኞ ሐኪሙ መብራት ያላት ማጉያ ነጥቧ ላይ ያሳርፋል። ጎንበስ፣ ቀና። «ደምታ ታውቃለች? ታሳክክሃለች?» ብሎ ልጁን ይጠይቃል። ልጁን የጠየቀ ሰው ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። «አሁን የሚያሰጋ ነገር አላየሁባትም። ማስመሪያ አጠገቧ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ ከሦስት ወር በኋላ እንያት። ከዚያ በፊት ከተለወጠች ወይ ከደማች ቀጠሮ አትጠብቁ» ይልና የሚቀጥለውን ታካሚ ይጠራል።

ወላጆቹ ደስ ሊላቸው ሲገባ ቅር ይላቸዋል። ለዚያ ሁሉ ጭንቀት እንዲህ አጭር መልስ? ለግሩፑ «ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም ተብለናል» ብለው ይጽፋሉ። አጎት ማንም ሳይቀድመው ይመልሳል።

«እንዴት ምንም የለም? ሌላ ሐኪም አሳዩት!»