ባይጠቅም አይጎዳም

ጎንደር ውስጥ ብር ሊያጥር ይችላል። ውሃ በፈረቃ ነው፣ መብራትም እንደ ስሜቱ ነው። ምክር ግን ጠፍቶ አያውቅም። ሌት ተቀን ይፈሳል፣ ቆጣሪ የለውም፣ ወር ሲደርስም ክፈል የሚል የለም። ዛሬ ይህን የማይነጥፍ ሀብታችንን ላመሰግን ተነስቻለሁ። ጉንጬ እንዳበጠ ነው፤ ደግነቱ የሚጻፈው በእጅ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ቅዳሜ ነው። መንጋጋዬ ሌሊቱን ሲቀጠቅጠኝ አደረ። እኔ ሞኙ ሐኪም ቤት ልሄድ ብዬ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ከቤቴ እስከ ባጃጅ መያዣው መቶ ሜትር ቢሆን ነው። እሷን መቶ ሜትር ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ፤ ስጨርሳትም ሐኪም ቤቱን ትቼዋለሁ።

የያዙኝ ላይ ቤት ያሉት እትዬ ናቸው። ቡና ቀርቧል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ሰው ሞልቷል። "ና እስቲ ግባ፣ ምን ሆነህ ነው ጉንጭህን የያዝከው?" አሉኝ። ጥርሴን አልኩ። የሰፈራችን ትልቅነት የሚታየው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አንድም ሰው "እኔ እንጃ፣ ሐኪም ይይህ" ብሎ ጊዜዬን አላባከነም። ሰባት ሰው ነበር፣ ሰባት ምርመራ ወጣ። እትዬ "ምች ነው፣ ቅቤ ያለው በልተህ ፀሐይ ላይ ወጥተሃል" ብለው ዳማከሴ እንዲቆረጥ ልጅ ላኩ። ጡረተኛው ጋሼ "የምን ምች፣ ትል ነው እንጂ" አሉና አረቄ አፍህ ውስጥ ያዝ፣ አትዋጠው ብለው መከሩኝ። ትንሽ አሰቡና "ቢዋጥም ችግር የለውም" አሉ። አንዷ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠህ ድድህ ላይ ለጥፈው አለች። ጥግ ላይ የተቀመጡት እማማ ቅርንፉድ ነክሰህ ያዝ ሲሉኝ ግን ማንም አልሰማቸውም። ያሳዝናል፣ ቅርንፉድ እኮ ለጊዜውም ቢሆን ያደነዝዛል። በድምፅ ብልጫ ተሸነፉ።

ከዚያ እትዬ ተነሱና ከቁም ሳጥኑ አንድ የድሮ ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ መርፌ፣ ሁለት ቁልፍ፣ የተጠቀለለ ክር፣ ከክሩ ሥር ደግሞ ሦስት እንክብል አሞክሳሲሊን። ልጃቸው ዐምና ጆሮዋን ሲያማት ታዞላት የተረፈ ነው። "አንዱን ክፈተውና ዱቄቱን ጥርስህ ላይ ነስንሰው፣ ሁለቱን ዋጣቸው" አሉኝ። ጊዜው አላለፈም ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ፍቅር ጊዜ ያልፍበታል እንዴ በሚል ዓይን አዩኝ። አፈርኩ። ተቀበልኩ።

ያለ ምሥክር ደግሞ ምክር የለም። አንዷ ጎረቤቴ ራሷን ነቀነቀችና "የእህቴ ባል ወንድምም ልክ እንዲህ ነበር የጀመረው" አለች።

"ከዚያስ?" አልኳት።

"ነፍሱን ይማር።"

ቤቱ ጸጥ አለ። ፊቴ ሲለዋወጥ አይታ ነው መሰለኝ "እሱ ግን ስኳርም ነበረበት" ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። ቡናዬ በረደ።

አስቡት እንግዲህ። ይህች ከተማ እንደ ፈረንጆቹ ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ናት። ያኔ ጤና መኮንንና ነርስ ማውጣት የጀመረው ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሐኪም በገፍ ያስመርቃል። ምስኪን ተማሪ፣ ዓመታት መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ፣ ዓይኑ ጠፍቶ ነው ዶክተር የሚባለው። እኛ ሰፈር የሚያስፈልገው ሦስት ሲኒ ብቻ ነው። አቦል ላይ ምርመራ፣ ቶና ላይ መድኃኒት፣ በረካ ላይ ቀዶ ጥገና።

አትፍረዱብን ግን፤ ከተማዋ ራሷ በምክር የቆመች ናት። ነገሥታቱ በ"ጎ" ፊደል የሚጀምር ቦታ ላይ ከከተማችሁ መንግሥታችሁ ይጸናል ተብለው ጎርጎራ ሲሉ ቆይተው፣ ኋላ ፋሲለደስ እንደ ፈረንጆቹ በ1636 ጎንደር ላይ እንደረጉ ይወራል። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባል የለ? ምክሩም ሠራ፣ ጎንደር ሁለት መቶ ዓመት ገደማ መናገሻ ሆና ቆየች። የዚያ መካሪ ዘሮች ናቸው ሰፈራችን የሰፈሩት ብዬ እጠረጥራለሁ። እሱ ግን አንድ ፊደል ተናግሮ ዝም ያለ ይመስለኛል። ዘሮቹ ሙሉ ፊደል ገበታውን ነው የሚያወርዱብህ።

የበለጠ የምወደው ደግሞ "ሰው ልጠቁምህ" የሚባለውን ነው። ክረምት ላይ ሮቶዬ ማንጠባጠብ ጀመረ። ውሃ ለሚጠብቅ ሰው ሮቶ ማለት ከልጅ እኩል ነው፤ በሰባትና በስምንት ቀን ሌሊት ላይ የመጣችውን ውሃ ነቅተህ ሞልተህ፣ ጠዋት ግማሹን ግቢው ጠጥቶት ታገኛለህ። ጎረቤቴ አይቶ አዘነልኝ። "አንድ ልጅ አለ፣ እጁ ወርቅ ነው፣ እኔ ቤትም ሠርቶልኛል፣ የኔ ሰው ነው በለው" አለኝ። የኔ ሰው ነው ካለ አለቀ፣ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ስድብ ነው። ልጁ መጣ፣ ሮቶውን እየዞረ መታ መታ አደረገው፣ የሆነ ነገር ቀባው፣ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። በሚቀጥለው ፈረቃ ሮቶው በአንድ ቦታ ማፍሰሱን ትቶ በሁለት ቦታ ማፍሰስ ጀመረ። ጎረቤቴ ጋ ሄጄ አመለከትኩ።

"ይገርማል" አለኝ፣ "እኔ ቤት የሠራውማ ምንም አልሆነ።"

"ያንተም ሮቶ ነበር?"

"ኧረ የኔ በር ነው።"

"በሩስ ይዘጋል?"

"እየለመደ ነው።"

አቅጣጫ መጠቆም ላይማ አንታማም። ፒያሳ ላይ ቆሞ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በየት ነው ያለ እንግዳ "አላውቅም" ተብሎ አይሸኝም፣ ነውር ነው። "እዚችው ናት፣ ዞር ስትል ታገኛታለህ" ይባልና ቁስቋም ይደርሳል። ምን አጎደሉበት? አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ በየትም ቢሄድ አንዱ ጋ መድረሱ አይቀርም።

ወደ ጥርሴ ልመለስ። የታዘዘልኝን ሁሉ አደረግኩ፣ ከቅርንፉዱ በቀር። ጅል ሆኜ አይደለም። የአንዱን አድርጎ የሌላውን መተው ጠብ ያመጣል፣ ምክንያቱም መካሪ ማታ መጥቶ "አደረግከው?" ይላል። ቢሻለኝ ምስጋናው ለስድስት ይከፈላል፤ ካልተሻለኝ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነው፣ "በደንብ አልቀጠቀጥከውም ማለት ነው።" እሑድ ማታ ጉንጬ የዳቦ ያህል ሆነ። እትዬ አይተው "ጎሽ፣ እየወጣልህ ነው" አሉኝ።

ሰኞ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ አፌን አስከፍታ በባትሪ አየችና ትንሽ ዝም አለች።

"ጥርስህ ከሥሩ መግል ይዟል። ድድህ ግን ለምን ተቃጠለ?"

"ነጭ ሽንኩርት ነው።"

"ሌላስ?"

"አረቄ።"

"ሌላስ?"

አሞክሳሲሊኑን ነገርኳት። ባትሪዋን አጠፋች። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ሲቆይ እንደ እሳት እንደሚያቃጥል፣ መግሉ ያለው ደግሞ ሥር ስለሆነ ከላይ የሚለጠፍም የሚነሰነስም ነገር እንደማይደርስበት፣ ለአንድ ቀን የተዋጠ የሰው ትራፊ መድኃኒት ተህዋሲያኑን ከማላመድ ሌላ ጥቅም እንደሌለው በትዕግሥት አስረዳችኝ። የሚነቀልበትን ቀን ቀጠረችኝና እስከዚያ የምውጠውን ጽፋ ሰጠችኝ።

ወረቀቱን ይዤ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ልጁ ነጭ ጋውን ለብሷል። ወረቀቱን አነበበ፣ እንክብሉን ቆጥሮ አሸገው፣ "በየስምንት ሰዓቱ፣ ተሻለኝ ብለህ እንዳታቋርጥ" አለኝ። ጎሽ፣ በመጨረሻ የተማረ ሰው አገኘሁ አልኩ በሆዴ። መልሴን ሲሰጠኝ ጉንጬን አየ፣ ግራ ቀኝ ገልመጥ አለና በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ወንድሜ፣ ነጭ ሽንኩርት ግን ሞክረሃል?"